ቁጣ፣ ፍርሃትና ውጥረት በሥነ ሕይወት ጥናት ታሪክ፦ ለመማሪያ ክፍል ያለው ትርጉም

መግቢያ

በአማርኛ ስለ ስሜት ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ የአካላችንን ክፍሎች እንጠራለን። ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የራራ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል፤ የተቆጣ ደሙ ይፈላል፤ ድፍረት ያጣ ሐሞቱ ይፈሳል። ይህ አነጋገር ስሜት በሐሳብ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን በሥጋም ላይ የሚሠራ ነገር መሆኑን አባቶቻችንና እናቶቻችን አስተውለውት እንደነበረ ያሳያል። ሳይንስ ይህንኑ ጉዳይ በቤተ ሙከራ መመርመር የጀመረው ግን ሁለት መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

ነገሩ ከመምህራን ሥራ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የእጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ በሚከታተልበት ጊዜ ያጋጠመው አንድ ሁኔታ ጥያቄውን ከመማሪያ ክፍል ጋር እንዲያያይዘው አድርጎታል። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ በዕረፍት ሰዓት በግቢው ውስጥ ለጓደኞቿ የማባዛት ሠንጠረዥን ያለ አንዳች ስሕተት ስትወርድላቸው ተሰማች። ደወል ተደውሎ ክፍል ከገቡ በኋላ መምህሩ አለንጋ ይዘው ተማሪዎቹን በመቀመጫቸው ተራ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይጠሩ ጀመር። የተሳሳተ ሁሉ ይገረፋል። ልጅቷ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ስትጠየቅ እጇ እየተንቀጠቀጠ ዝም አለች። መምህሩም ተፈጥሮዋ ሰነፍ እንደሆነ አስረዱ። የክትትሉ ኃላፊ በዚያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አልነበረውም፤ በቅጹ ላይ የጻፈውም ስለ ሰሌዳ አጠቃቀም ብቻ ነበር።

ለመሆኑ ልጅቷ ከአንድ ሰዓት በፊት የምታውቀውን በምን ምክንያት አጣችው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስሜት፣ የጠበኝነትና የውጥረት ሥነ ሕይወታዊ ጥናት ያለፈበትን መንገድ በአጭሩ መግለጽና ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ ማመልከት ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ከሐሞት ወደ ሆርሞን

በጥንታዊት ግሪክና ሮም ሕክምና የሰው ጠባይ በአራት የአካል ፈሳሾች፣ ማለትም በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ሚዛን እንደሚወሰን ይታመን ነበር። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን ያስፋፋው ይህ አስተሳሰብ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። የፈሳሾቹ ዝርዝር ስሕተት ቢሆንም፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ነገር ጠባይን ሊለውጥ ይችላል የሚለው ግምት ግን ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አልነበረም። የእኛም አገር ገበሬ ኮርማ ሲኮላሽ ተዋጊነቱን ትቶ ለቀንበር የሚገራ በሬ እንደሚሆን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግን የሚታወቅ አልነበረም።

ለዚህ የመጀመሪያውን የሙከራ ማስረጃ ያቀረበው በጀርመን አገር በጎቲንገን ያስተምር የነበረው አርኖልድ በርቶልድ ነው። በርቶልድ በ1849 ስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎችን ለሙከራ ወሰደ። ቆለጣቸው ወጥቶ የቀሩት መጮኽንና መዋጋትን ተዉ። ቆለጥ በሆዳቸው ውስጥ መልሶ ያስቀመጠላቸው ግን፣ የቀድሞው የነርቭ ግንኙነት የተቋረጠ ቢሆንም፣ እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ሆነው አደጉ። ከዚህም በመነሣት በርቶልድ ቆለጥ በደም አማካይነት በአካል ሁሉ ላይ እንደሚሠራ ደመደመ። ዛሬ ሆርሞን የምንለው ነገር የጥናት መነሻ ይህ ነው።

2. የካነን ድመቶችና የሐርቫርድ ተማሪዎች

በ1884 አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስ፣ በተከታዩም ዓመት የዴንማርኩ ሐኪም ካርል ላንገ፣ የተለመደውን አስተያየት የሚገለብጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሰው ስለፈራ ይሸሻል፣ ስላዘነ ያለቅሳል ይባል ነበር። እነርሱ ግን በመጀመሪያ አካል ይለወጣል፤ ስሜት የሚባለውም የዚያ ለውጥ በአእምሮ መታወቅ ነው አሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፤ የጎደለው ሙከራ ነበር።

ሙከራው የመጣው ስለ ስሜት ለማጥናት ካላሰበ ሰው ነው። ኤክስሬይ በ1895 ከተገኘ ብዙም ሳይቆይ በሐርቫርድ የሕክምና ተማሪ የነበረው ዋልተር ካነን በአዲሱ መሣሪያ የድመቶችን የምግብ መፈጨት ይከታተል ጀመር። ድመቷ በተረጋጋች ጊዜ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ በግልጽ ይታይ ነበር፤ በተበሳጨች ጊዜ ግን እንቅስቃሴው በድንገት ይቆማል። ሌላው ሰው እንደ እንቅፋት ቆጥሮ ሊያልፈው የሚችለውን ይህን ነገር ካነን ዋና የጥናቱ ርእስ አደረገው። በ1911 ከሥራ ባልደረባው ጋር ባካሄደው ሙከራ፣ ውሻ በጮኸባት ድመት ደም ውስጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት አድሬናሊን እንደሚገኝ አሳየ።

ውጤቶቹን በ1915 በመጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ካነን ለክስተቱ አንድ ወጥ ትርጉም ሰጠው። አደጋ በመጣ ጊዜ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ቁስል ቢደርስ ደም ቶሎ ይረጋል። ይህ ሁሉ እንስሳው ወይ እንዲዋጋ ወይ እንዲሸሽ የሚያዘጋጅ ነው።

ለመምህራን በተለይ ትኩረት የሚሰጠው ካነን በሰዎች ላይ የመዘገበው ነገር ነው። በ1913 ከተደረገው የዓመቱ የመጨረሻና እጅግ አጓጊ የእግር ኳስ ውድድር በኋላ ሽንታቸው ከተመረመረ 25 የሐርቫርድ ቡድን አባላት በ12ቱ ላይ ስኳር ተገኘ። ከእነዚህም አምስቱ ተጠባባቂዎች ነበሩ፤ ወደ ሜዳ አልገቡም። በሌላ ጊዜም ዘጠኝ የሕክምና ተማሪዎች ከባድ ፈተና ከወሰዱ በኋላ በአራቱ ሽንት ውስጥ ስኳር ሲገኝ፣ ቀለል ካለ ፈተና በኋላ ግን በአንዱ ብቻ ተገኘ። ከወንበሩ ያልተነሣ ተጫዋችና ወረቀት ፊት የተቀመጠ ተማሪ አካላቸው ለሩጫና ለትግል ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። የሚሮጥበት ሜዳና የሚታገለው ጠላት ግን አልነበረም።

በ1927 ካነን የጄምስንና የላንገን ሐሳብ ተቃወመ። የሆድ ዕቃ ለውጥ በቁጣም በፍርሃትም ያው ነው፤ ስለሆነም ስሜትን ከስሜት የሚለየው ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት አለ። ይህም ተመራማሪዎችን ወደ አንጎል መራቸው።

3. ቁጣን በአንጎል ውስጥ ፍለጋ

በ1928 የካነን ተማሪ የነበረው ፊሊፕ ባርድ የአንጎላቸው የላይኛው ቅርፊት የተወሰደባቸው ድመቶች በትንሽ ንክኪ ከፍተኛ ቁጣ እንደሚያሳዩ፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው ትንሽ የውስጥ ክፍል የኋለኛው ግማሽ ሲወገድ ግን ይህ ቁጣ እንደሚጠፋ አረጋገጠ። በስዊዘርላንድ ዙሪክ ደግሞ ዋልተር ሄስ ነቅተው በሚንቀሳቀሱ ድመቶች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ያንኑ አካባቢ በኤሌክትሪክ ሲነካ፣ ረጋ ብላ የነበረችው ድመት ጸጉሯን አቁማ ለመቧጨር ትዘጋጅ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሃይንሪክ ክሉቨርና ፖል ቡሲ በችካጎ የአንጎላቸው የጎን ክፍሎች የተወሰዱባቸው ጦጣዎች ቀድሞ ይፈሩት የነበረውን እባብ ያለ ሥጋት እንደሚቀርቡ ገለጹ። ከእነዚህ ክፍሎች ውስጥ አሚግዳላ የተባለው ለፍርሃት ያለው ድርሻ ኋላ በሰፊው ተጠና።

እነዚህ ግኝቶች እውነተኛ ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነርሱ የተወሰደው መደምደሚያ በሰው ልጅ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። የስሜት ቦታ በአንጎል ውስጥ ካለ፣ ያንን ቦታ በመቁረጥ ስሜትን ማረም ይቻላል የሚል እምነት ተፈጠረ። በ1935 ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ የአእምሮ ሕሙማንን የፊት አንጎል ከሌላው የሚያገናኙ ክሮች የሚቆርጥ ቀዶ ሕክምና ጀመረ። በተከታዮቹ ሃያ ዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይህን መሰል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ብዙዎቹ ጸጥ አሉ፤ ነገር ግን ከቁጣቸው ጋር ተነሣሽነታቸውንና የማቀድ ችሎታቸውን አጡ። የ1949 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለሄስና ለሞኒዝ በአንድነት መሰጠቱ የዚያን ዘመን መንፈስ በግልጽ ያሳያል፤ የአንዱ ሥራ እስከ ዛሬ ሲጠቀስ፣ የሌላው ግን መድኃኒቶች ከመጡና ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ተትቷል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያም ሆዜ ዴልጋዶ በስፔን ኮርዶባ አካባቢ አንጎሉ ውስጥ ሽቦ የገባበትን የሚያጠቃ ኮርማ በሬዲዮ መልእክት አስቆመ። ትርኢቱ ቁጣን በአዝራር መቆጣጠር ተቻለ ተብሎ ተወራ። ነገር ግን ኤልየት ቫለንስታይን በ1973 እንዳስገነዘበው፣ ኮርማውን ያቆመው የቁጣው መብረድ ሳይሆን ሰውነቱ በግድ ወደ ጎን መዞሩ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ሙከራ ስለ ቁጣ ብዙ አያስተምርም።

ከዚህ የታሪክ ምዕራፍ የምንማረው፣ ጸጥታና ጤንነት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ሁሉ የሚማር ክፍል እንዳልሆነ መምህር ያውቃል።

4. ውጥረት የሚለው ጽንሰ ሐሳብ

በቪየና የተወለደው ሃንስ ሴልዬ በካናዳ ሞንትሪያል በማክጊል ዩኒቨርሲቲ አዲስ ሆርሞን ለማግኘት ሲጥር በአይጦች ላይ ሦስት ለውጦችን አየ፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አበጡ፣ አካልን ከበሽታ የሚከላከሉ ዕጢዎች ኮሰሱ፣ ጨጓራ ቆሰለ። አዲስ ሆርሞን ያገኘ መሰለው። ነገር ግን ሌላም መርዛም ነገር ሲወጋቸው፣ ብርድ ላይ ሲያቆያቸውና ከመጠን በላይ ሲያሮጣቸው ያው ሦስት ለውጥ ታየ። ተስፋው ከሸፈ፤ ይሁን እንጂ ከክሽፈቱ ትልቅ ሐሳብ አገኘ። በ1936 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አካል ለማንኛውም ጎጂ ነገር የሚሰጠው የጋራ መልስ አለ ሲል አስታወቀ። መልሱም የማስጠንቀቂያ፣ የመቋቋምና የመዳከም ደረጃዎች እንዳሉት አስረዳ። ለዚህም ሁኔታ ኋላ ከምሕንድስና የተወሰደውን የውጥረት ስም ሰጠው።

የሴልዬ ሐሳብ በዓለም ላይ ቢስፋፋም አንድ ትልቅ ነገር አልፎት ነበር። ጆን ሜሰን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ምርምር ይህን ገለጠ። ጎረቤቶቻቸው ሲመገቡ እያዩ ምግብ የተከለከሉ ጦጣዎች የውጥረት ሆርሞናቸው ከፍ አለ። ከሌሎቹ ተለይተው፣ ጣዕም ብቻ እንጂ ምግብነት የሌለው ነገር ሲሰጣቸው ግን፣ ረኃቡ ያው ሆኖ ሳለ ሆርሞናቸው ከፍ አላለም። እንግዲህ አካልን ያስጨነቀው ረኃቡ ብቻ ሳይሆን እንስሳው ሁኔታውን የተረዳበት መንገድ ነበር። ሪቻርድ ላዛረስም በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ለሰው ይህንኑ አስፍቶ አስረድቷል።

በዚሁ ዘመን ጄይ ዋይስ የሠራው ሙከራ ለትምህርት ባለሙያ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሁለት አይጦች እኩል መጠንና እኩል ጊዜ ያለው የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል። አንዱ መንኮራኩር በማሽከርከር ንዝረቱን ለራሱም ለሌላውም ማቋረጥ ይችላል፤ ሌላው ምንም ማድረግ አይችልም። የጨጓራ ቁስል የበረታው በሁለተኛው ላይ ነው። እንዲሁም ንዝረቱ ከመምጣቱ በፊት የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚሰሙ አይጦች ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚነዘሩት ያነሰ ቁስል ነበራቸው። ሕመሙ አንድ ሆኖ ጉዳቱን የለየው፣ አስቀድሞ ማወቅ መቻልና በሁኔታው ላይ ሥልጣን ማግኘት ነበር።

በ1968 ደግሞ ብሩስ ማክዩን የውጥረት ሆርሞን በአይጥ አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ በተባለው ክፍል እንደሚያዝ አገኘ። ሂፖካምፐስ ለትውስታ ዋና ከሆኑት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ነው። በዚህም ውጥረት ከጨጓራና ከልብ አልፎ የትምህርት ጉዳይ ሆነ።

5. ጠበኝነት ዕጣ ፈንታ ነውን?

በ1963 የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ኮንራድ ሎሬንዝ ስለ ጠበኝነት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጠበኝነት በተፈጥሮ የሚጠራቀምና መውጫ የሚፈልግ ግፊት ነው አለ። መጽሐፉ በብዙ አገሮች ተነበበ። ብዙዎችም ጦርነት በደማችን ውስጥ ያለ ነገር ነው ብለው ደመደሙ። ይህን በመቃወም በ1986 በስፔን ሴቪል ሃያ ሳይንቲስቶች መግለጫ አወጡ፤ ዩኔስኮም በ1989 ተቀበለው። የመግለጫው ፍሬ ነገር፣ ጦርነትም ሆነ ሌላ የዓመፅ ጠባይ በዘር የተጻፈብን ነው ማለት ሳይንሳዊ ድጋፍ የለውም የሚል ነው። አንጎልና ሆርሞን ቁጣን የሚቻል ያደርጉታል፤ መቼና በማን ላይ እንደሚወርድ ግን ኑሮና አስተዳደግ ይወስናሉ።

ከዚያ በኋላ የተገኙ ማስረጃዎች ይህን ያጠናክራሉ። ሴልዬ በሠራበት በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሚኒና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳወቁት፣ እናታቸው አዘውትራ የላሰቻቸው የአይጥ ግልገሎች ሲያድጉ ለውጥረት የሚሰጡት መልስ የረጋ ይሆናል። ግልገሎቹ ከወለደቻቸው ተወስደው ለሌላ እናት ቢሰጡም ጠባያቸው አሳዳጊዋን ይከተላል። እንክብካቤ የዘር ቅንጣቶችን ራሳቸውን ሳይለውጥ አሠራራቸውን ይለውጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ሮበርት ሳፖልስኪ በማሳይ ማራ የዝንጀሮ መንጋዎችን ለረዥም ዓመታት ተከታትሏል። በ1980ዎቹ የአንዱ መንጋ ኃይለኛ ወንዶች በቱሪስት ማረፊያ አጠገብ ከተጣለ የተበከለ ሥጋ በመብላታቸው በሳንባ ነቀርሳ አለቁ። የቀሩት ገራም ወንዶችና ሴቶቹ ነበሩ። ዝንጀሮ ወንዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ወደ ሌላ መንጋ ስለሚሄዱ፣ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ በመንጋው የነበሩት ወንዶች ሁሉ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ሆኖም ሳፖልስኪና ሊሳ ሼር በ2004 እንደጻፉት፣ አዲሶቹም የመንጋውን ሰላማዊ ልማድ ወርሰው ተገኙ። የበታቾቹም ወንዶች በሌሎች መንጋዎች የሚታየው የውጥረት ምልክት አልታየባቸውም። ዝንጀሮ እንኳ በሚቀበለው ማኅበር ጠባዩ የሚለወጥ ከሆነ፣ አንድን ተደባዳቢ ተማሪ «ተፈጥሮው ነው» ብሎ መተው ሳይንስ የማይደግፈው ፍርድ ነው።

6. ለመማሪያ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት

አሁን ወደ ሰሌዳው ልጅ እንመለስ። በ1998 ዶሚኒክ ደ ኬርቫንና ባልደረቦቹ በውኃ ውስጥ የተደበቀ ማረፊያ ያለበትን ቦታ በሚገባ የተማሩ አይጦችን ፈተኑ። ከፈተናው ግማሽ ሰዓት በፊት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ቦታውን ማስታወስ ተሳናቸው። ከሁለት ደቂቃ ወይም ከአራት ሰዓት በፊት የተነዘሩት ግን አልተቸገሩም። የውጥረት ሆርሞን እንዳይመነጭ በመድኃኒት የተከለከሉትም አልረሱም። በ2000 በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናትም ኮርቲዞን መውሰድ ቀደም ሲል የተጠኑ ቃላትን ማስታወስን ቀንሷል።

እርግጥ አንዲትን ልጅ በቤተ ሙከራ እንስሳ መመዘን አይገባም። ሆኖም አለንጋ እያየች ከግማሽ ሰዓት በላይ ተራዋን የጠበቀች ተማሪ የምታውቀውን ብታጣ፣ ማስረጃው የሚያመለክተው ወደ ስንፍና ሳይሆን ወደ ፍርሃት ነው። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ መንገዱ ተዘጋ። ግርፋት የተማረችውን ለማውጣት ታስቦ የተማረችውን ቆለፈ።

ይህ ማለት ትምህርት ከማንኛውም ጫና ነፃ መሆን አለበት ማለት አይደለም። ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን በ1908 በአይጦች ባደረጉት ጥናት፣ ከባድ የሆነን ነገር ለመማር መካከለኛ ማነቃቂያ ከደካማውም ከኃይለኛውም እንደሚሻል አሳይተዋል። ፈተና ያስፈልጋል፤ ሥነ ሥርዓትም ያስፈልጋል። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ብሂላችንም ልጅን ያለ እርማት መተው ጉዳት እንዳለው ያስገነዝባል። እርማት ግን ግርፋት ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ በመብት ስም የደነገገውን የአንጎል ጥናት በትምህርት ውጤት ስም ይደግፈዋል።

ከዋይስ ሙከራ የሚገኘው መመሪያ ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፣ ተማሪው የሚመጣውን ይወቅ፤ የፈተናው ቀንና ይዘት፣ የክፍሉ ደንብና የጥፋቱ ውጤት አስቀድሞ ይነገረው፤ ደንቡም በመምህሩ ዕለታዊ ስሜት አይለዋወጥ። ሁለተኛ፣ ተማሪው ሁኔታውን ለመለወጥ የሚችልበት በር ይኑረው፤ «አላወቅሁም፤ አንድ ጊዜ ልሞክር» ማለት የሚያስቀጣ አይሁን። ከዝንጀሮዎቹ ታሪክ ደግሞ ሦስተኛውን እንጨምራለን፤ አዲስ ገቢ ተማሪ የሚወርሰው በክፍሉ ያገኘውን ልማድ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቀባበል ከኋለኛው ቅጣት ሁሉ ይበልጣል።

ዕቅድ አውጪዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሳያሳውቅ ክፍል ገብቶ ቅጽ የሚሞላ ተቆጣጣሪ፣ መምህሩን ከመንኮራኩር እንደተከለከለው አይጥ ያደርገዋል። የተጨነቀ መምህር ጭንቀቱን የሚያወርደው ከበታቹ ባለው ላይ ነው። በመሆኑም የክትትል አሠራራችን ራሱ ሊመረመር፣ በመምህራን ማሠልጠኛ የሥነ ልቡና ትምህርት ውስጥም የውጥረትና የትውስታ ግንኙነት ከቃል ጥናት አልፎ ከክፍል አያያዝ ጋር ተያይዞ ሊሰጥ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ከበርቶልድ አውራ ዶሮዎች እስከ ማሳይ ማራ ዝንጀሮዎች የተጓዘው ጥናት፣ ስሜት በሥጋ ውስጥ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጧል። በዚያው መጠን ሥጋ ራሱ ለአያያዝ፣ ለአስተዳደግና ለማኅበር የሚታዘዝ መሆኑን አሳይቷል። የመጀመሪያውን ብቻ የያዙት ቁጣን በስለት ሊቆርጡ ሞከሩ፤ ሁለቱን አብረው የያዙት ግን ሁኔታውን መለወጥ እንደሚቀድም አስተማሩ። ስሜትን በሆድና በሐሞት የሚጠራው ቋንቋችን የመጀመሪያውን እውነት ከጥንት ጀምሮ ይዞታል፤ ሁለተኛውን በሥራ መግለጥ የትምህርት ቤት ድርሻ ነው። ተማሪ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ዝም ባለ ጊዜ፣ ምን እንዳላጠና ከመጠየቃችን በፊት ምን እንዳስፈራው ብንጠይቅ፣ በክትትል ቅጻችን ላይ የምንጽፈው ነገር ከሰሌዳ አጠቃቀም ያለፈ ይሆናል።